ድምፁ ግሩም፣ ጠጁ ግሩም፣ ግን አትሂዱ

ጎንደር ውስጥ ማሲንቆ በስፒከር ወጥቶም ማሲንቆነቱን የማይለቅበት ቤት አንድ ነው። ስሙን አልጠራም። የከተማው ሰው ትንሽ ካነበበ ያውቀዋል። እንግዳ ከሆናችሁ ፒያሳ ላይ ያገኛችሁትን የባጃጅ ሾፌር ጠይቁት፤ ወሬውን ጨምሮ ይነግራችኋል።

ከድምፁ ልጀምር፤ እንጀራዬ እሱ ነውና። ሳውንድ አከራያለሁ። ሠርግ፣ ምርቃት፣ የቀበሌ ስብሰባ። ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ እንቅልፍ የለም። የጎንደርን አዳራሾች የማውቃቸው በምግባቸው ሳይሆን በሚመልሱት ድምፅ ነው። አዳዲሶቹ ቤቶች ወለላቸው ሴራሚክ፣ ግድግዳቸው መስታወት ነው። ፎቶ ላይ ያምራሉ። ሙዚቃ ሲጀመር ግን ድምፁ ግድግዳውን መትቶ ይመለስና ዘፋኙ ከራሱ ጋር ሲጣላ ያመሻል።

ይሄኛው ጣሊያን ሠራሽ ነው። ግንቡ ወፍራም፣ ጣሪያው እንጨት፣ መጋረጃው ከባድ። ማሲንቆ ደግሞ አስቸጋሪ ዕቃ ነው። አንድ የፈረስ ጭራ፣ ትንሽ የተወጠረ ቆዳ፣ አለቀ። ማይኩን ካስጠጉት የደጋኑ ፍጭት ጆሮ ይበሳል፤ ካራቁት የጎረቤት ጠረጴዛ ሳል ይገባል። እዚህ ቤት ማይኩን አንድ ክንድ ያህል አርቄ አቆመዋለሁ፣ ሚክሰሩ ላይ የታችኛውን ጉምጉምታ ትንሽ እቀንሳለሁ፣ ከዚያ ወዲያ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ነው። አዝማሪው ደጋኑን እጣን ሲቀባ እንኳ ይሰማል።

ጠጁ ጌሾው ልክ ነው። ስኳር እንዳልገባበት ጠዋት ስትነሡ ራሳችሁ ትመሰክራላችሁ። ጥብሱ በሸክላ ከነፍሙ ይመጣል፤ ዳጣው ያስለቅሳል። ዋጋው ከሌሎቹ ቤቶች ጨመር ይላል፤ ቢሉ ላይ ግን ያላዘዛችሁት ነገር አይገባም። በዚህ ዘመን ይሄ ራሱ ያስመሰግናል። መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነው። ውኃ ሲጠፋም በርሜሉ ሞልቶ ይጠብቃችኋል።

እዚህ ድረስ ያነበበ ሰው ቦታ ሊይዝ ስልኩን ያነሣል። አታንሡ።

ባለቤቱ አዳራሹን ለአንድ ምሽት ለግል ፕሮግራም አከራየ። ምርቃት ነው ተባለ። የቤቱ አዝማሪዎች «ዛሬ እረፍት ናችሁ» ተባሉ። ሳውንዱም የእኔ አልነበረም፤ ተከራዮቹ የራሳቸውን ይዘው ገቡ። ኪቦርድ ታጥቆ የመጣው ዘፋኝ የከተማው ሰው አይደለም። መጀመሪያ ስለ ፍቅር ዘፈነ፣ ቀጥሎ ስለ ጀግንነት። ቤቱ ሞቅ ሲል የአንድን ሕዝብ ስም እየጠራ ጀመረው። ከእንስሳ አወዳደራቸው። ከነዘራቸው ይነቀሉ አለ። ታዳሚው እየጨፈረ ተቀበለው። የማንን ስም እንደጠራ እዚህ አልደግመውም፤ እኔም ማይክ ልሆንለት አልፈልግም።

ከአስተናጋጆቹ አንዷ እናቷ ከዚያው ሕዝብ ናት። ብርሌ የደረደረችበትን ትሪ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ሽርጧን ፈታች፣ አጣጥፋ ትሪው አጠገብ አኖረችው፣ በጓሮ በር ወጣች። ይሄን የነገረኝ ጠጅ ቀጂው ነው። ባለቤቱ ካሸሯ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል። እዚያ ቤት ውስጥ ድምፅ የማይደርስበት ማዕዘን እንደሌለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

በማግስቱ ቪዲዮው ከስልክ ስልክ ዞረ። አዝማሪዎቹ ተሰበሰቡ፣ ቡና ጠጡ፣ ጨረሱት። ማንም ወደዚያ ቤት እግሩን አያነሣም። ክራር መቺዎቹ ተከተሉ፣ ከበሮ መቺዎቹ ተከተሉ፣ እስክስታ የሚወርዱት ልጆችም። እኔም ኬብሌን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ባለቤቱ ሲጠየቅ የመለሰው ይሄን ነው፦ «እኔ ያከራየሁት አዳራሽ ነው እንጂ አፍ አይደለም።» ያምራል። አዝማሪ ቢሆን ይሸለምበት ነበር። ሰበቡ ግን አሮጌ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ስንቱ አዳራሽ አከራይ ብሎታል። ነገሩ ከተነሣ ወዲህ ማታ ማታ ስለ ኒዮ ናዚዎች፣ የሂትለርን ዘረኝነት ዛሬም ስለሚያራግቡት ሰዎች፣ ኮንሰርት ሳነብ ከርሜያለሁ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ኡንተርቫሰር የምትባል የተራራ መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2016 እዚያ ያለ አዳራሽ ለኮንሰርት ተከራየ። አዘጋጆቹ ያሉት «ጀማሪ የስዊስ ባንዶች ናቸው» ነበር። በዕለቱ 5000 ያህል ኒዮ ናዚ ገባ፤ ብዙው ከጀርመን የመጣ። መድረክ ላይ የወጡትም የራሳቸው ባንዶች ናቸው። በዓመቱ ደግሞ ጀርመን፣ ቴማር የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ 6000 ያህል ሰው በአንድ ሜዳ ተሰበሰበ። ኮንሰርት አላሉትም፤ የፖለቲካ ሰልፍ ብለው ነው ያስመዘገቡት። ሜዳውንም ያከራየ ሰው ነበረ።

የእንግሊዝ ኒዮ ናዚዎች ዘዴ ደግሞ የባሰ ነው። ፖስተሩ ላይ አዳራሹ አይጻፍም። ተመልካቹ አንድ ባቡር ጣቢያ ላይ ይጠራና ከዚያ ወደ ቦታው ይመራል። አዳራሹ ቀድሞ ከታወቀ ባለቤቱ ይሰርዝባቸዋላ! እ.ኤ.አ. በ1992 ለንደን፣ ዋተርሉ ጣቢያ ላይ ተቃዋሚዎች መገናኛውን አውቀው ጠበቋቸው፤ ጣቢያው በድብድብ ተናወጠ። የእኛው ቤት ነገር የአንድ ምሽት ነው፤ የእነሱ ለዓመታት የተደራጀና ብር የሚሰበሰብበት ሥራ ነው። አንድ ሚዛን ላይ አላስቀምጣቸውም። አገባቡ ግን ቁርጥ እሱ ነው። በሌላ ስም ይከራያሉ፣ የቤቱን ሙዚቀኛ ያስወጣሉ፣ የራሳቸውን ስፒከር ይተክላሉ። በማግስቱ ባለቤቱ «እኔ ምን አውቄ» ይላል።

ከሁሉ የወደድኩት የኦስትሪትስን ሰዎች ነው። ጀርመን ከፖላንድ ጋር በምትዋሰንበት ጠርዝ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አንድ ሆቴል ግቢውን ለኒዮ ናዚዎች ፌስቲቫል ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ፍርድ ቤቱ መጠጥ ከለከላቸው፤ ፖሊስ ከ4000 ሊትር በላይ ቢራ ወሰደባቸው። ከግቢው ወጥተው ከሱፐርማርኬት እንዳይገዙ ደግሞ ነዋሪው ቀድሞ ገባና የነበረውን ቢራ በሳጥን በሳጥን ገዝቶ ጨረሰው። ይሄ የጎንደር ሰው የሚያስበው ዓይነት ተንኮል ነው።

ሙዚቀኞች ራሳቸው የተነሡበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 አንድ ዝነኛ ጊታር ተጫዋች በርሚንግሃም መድረክ ላይ ቆሞ ስደተኛ ይውጣ አለ። በዚያው ዓመት «ሮክ አጌንስት ሬሲዝም»፣ ሮክ ሙዚቃ ዘረኝነትን ይቃወም እንደማለት፣ የሚባል እንቅስቃሴ ተጀመረ። በ1978 ለንደን ቪክቶሪያ ፓርክ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አሰባሰቡ። እኛ መናፈሻ መሙላት አይጠበቅብንም። አንድ አዳራሽ ባዶ ማድረግ በቂ ነው።

እዚህ ጋ የሚነሣ ክርክር አለ፤ እኔም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። «አዝማሪ ራሱ ሲሳደብ አይደል የሚያመሸው?» እውነት ነው፣ ይሳደባል። እኔን ራሴን በዚያው አዳራሽ፣ ኬብል ላይ ጎንበስ ብዬ ሲያየኝ፣ አንዱ እንዲህ ብሎኛል፦

ገመድ ከገመዱ ሲያገናኝ ያመሻል፣
ለራሱ ሚስት አጥቶ ብቻውን ይተኛል።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን አደርጋለሁ። ብር አውጥቼ ግንባሩ ላይ ለጠፍኩለት። ከፈለግሁ ደግሞ «ተቀበል!» ብዬ የራሴን ስንኝ እሰጠዋለሁ፤ በራሱ አፍና በራሱ ማሲንቆ ራሱን ይሰድባል። ሕጉ ይሄ ነው። ተሰዳቢው እዚያው ተቀምጧል፣ ስም አለው፣ አፍ አለው፣ ኪስ አለው። የዚያ ምሽቱ ዘፋኝ የሰደበው እዚያ የሌለን ሕዝብ ነው። አንዲት የነበረችውም ሽርጧን አጥፋ ወጣች። ማን ይመልስለት?

አንድ ጠና ያለ አዝማሪ፣ ሁላችንም አያ የምንለው፣ ስብሰባው ላይ ያነሣው ነገር ከአውሮፓው ሁሉ ይበልጥ ከነከነኝ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ ግራዚያኒ ካስገደላቸው ሰዎች መካከል አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ነበሩበት። የጣሊያን መንግሥት ሊወድቅ ነው እያሉ ሕዝቡ ውስጥ ያስወራሉ ተብለው ነው። ይሄ ሁላችንም የምናወድሰው ወፍራም ግንብ የቆመውም በዚያው ዘመን ነው። የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው እዚሁ ጎንደር ላይ፣ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። አያ ታሪኩን ተናግሮ ሲያበቃ «ታዲያ እዚያ ግንብ ውስጥ አሁን ማን ይዝፈን?» ብሎ ጋቢውን አስተካከለ። ድምፅ መስጠት እንኳ አላስፈለገም።

እኔ በበኩሌ የማስበው ስለ ስፒከር ነው። ሲሞን ቢኪንዲ የሚባል ሩዋንዳዊ ዘፋኝ ነበረ። ታንዛኒያ፣ አሩሻ ላይ የተሰየመው የሩዋንዳ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 የ15 ዓመት እስራት ፈረደበት። የተፈረደበት በዘፈኖቹ አልነበረም። በ1994 ድምፅ ማጉያ በተገጠመለት መኪና እየሄደ ቱትሲዎች እንዲገደሉ በመቀስቀሱ ነው። ያንን ማጉያ የገጠመ ባለሙያ አለ። ባትሪውን ያሰረ፣ ማይኩን «አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት» ብሎ የሞከረ። ይሄ ሰው ማታ ማታ ይመጣብኛል። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን ወንጀል አድርጎታል፤ እስከ 2 ዓመት ያሳስራል። የሕጉን ነገር ለሕግ ሰዎች እተዋለሁ። የእኛ ሥራ «አልመጣም» ማለት ነበር፤ ብለናል።

ዋጋ አላስከፈለንም ብዬ አልዋሽም። አዝማሪ ደመወዝ የለውም፤ የሚኖረው በሽልማት ነው። ቤቱ በጠጅና በቢራ ያገኛል፤ እሱ ግንባሩ ላይ በተለጠፈው። ስለዚህ አድማው መጀመሪያ የሚጎዳው አድማ መቺውን ነው። ቱሪስት በሚበዛበት ሰሞን ጥሩውን መድረክ ትቶ መውጣት ቀላል አይምሰላችሁ። አንዳንዶቹ የሠርግ ሥራ አገኙ፣ አንዳንዶቹ ባሕር ዳር ሄዱ። የቀሩት አስተናጋጆችም የሚያጽናና ነገር የላቸውም፤ ባዶ አዳራሽ ቲፕ አይሰጥም። «እነሱስ ምን አጠፉ?» ለሚል ሰው መልስ የለኝም። አላጠፉም።

ባለቤቱ በሽማግሌ ልኮ ነበር። ጥብስ ተጋበዝን፣ ይቅር ለእግዜር እንባባል ተባልን። አያ ጥብሱን በላ፤ ጥብስ ምን አደረገ? ከዚያ እጁን ታጥቦ የፈለግነውን ነገረው። ያን መድረክ ወጥቶ፣ ያንኑ ማይክ ይዞ፣ የሆነው ነውር እንደነበረ ሰው ፊት ይናገር። ልጅቷን ከነቀረባት ደመወዝ ይመልስ። ከእንግዲህ አዳራሹን ሲያከራይ ውሉ ላይ በማንም ሕዝብ ላይ ጥላቻ እንዳይዘፈን ይጻፍ፤ ከተዘፈነ ደግሞ መብራቱን ያጥፋ። ባለቤቱ ስለ ልጅቷ ተስማማ። የውሉን ነገር ላስብበት አለ። ማይክ ይዞ መናገሩን ግን «ቤቴን በገዛ አፌ ላዋርድ?» ብሎ እንቢ አለ። እዚያው ላይ ቆሟል። ልጅቷም «ከሁሉም በፊት ይናገር» ብላ አልተመለሰችም።

ስለዚህ ለቤቱ የምሰጠው ነጥብ፦ ለድምፁ ሙሉ፣ ለጠጁ ሙሉ፣ ለመስተንግዶው ልጅቷ እስክትመለስ ዜሮ።

የምትሄዱበት ከጠፋችሁ አዝማሪዎቹ አሁን ወደ አዘዞ መውጫ አንዲት ጠጅ ቤት ገብተዋል። እውነቱን ልናገር፤ ድምፁ አስቀያሚ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ከመጣ ማሲንቆውም እኔም ሥራ እንፈታለን። የኋላው ግድግዳ ላይ አሮጌ ምንጣፍ ሰቅዬ ትንሽ አሻሽዬዋለሁ። የምግብ ነገር አትጠብቁ፤ ቆሎና ዳቦ ነው። ጠጁ ለስለስ ያለ ነው፣ እትዬ ራሷ ናት የምትጥለው፤ ቅዳሜ ማታ ቶሎ ያልቃል። ከሁለት ሰዓት በፊት ግቡ፣ አግዳሚው ጠባብ ነው። ዝርዝር ብር ያዙ፤ እዚያ ሰፈር መቶ ብር የሚመነዝር የለም።