ደብረ ብርሃን ላሉት የልጄ የቴኒስ አሰልጣኝ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ልጁን ቴኒስ ማስተማር የሚፈልግ ወላጅ ካለ ይህን ያንብብልኝ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ልጆቹ እንደሚጠሯቸው ጋሼ እላቸዋለሁ።

ልጄ 8 ዓመቷ ነው። ቴኒስ በቴሌቪዥን አይታ ካልተማርኩ ብላ ነዘነዘችኝ። አዲስ አበባ ሄጄ ራኬት ገዛሁላት። ሻጩ «ታድግበታለች» ሲለኝ አምኜው የአዋቂ ባለ 27 ኢንች ይዤ መጣሁ። ሁለት ሳምንት ግድግዳ ላይ ስትመታ ቆየችና ክንዷን ያማት ጀመር። ያኔ ነው ጎረቤቴ ጋሼን የጠቆመችኝ።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ራኬቱን አስያዟት። ከዚያ የሌላኛውን እጇን አመልካች ጣት በጣቶቿ ጫፍና በመዳፏ መካከል አስገቡት። «አንድ ጣት ልክ ሊገጥም ይገባል። እዚህ ግን ሁለት ይገባል፣ እጀታው ወፍሯታል» አሉኝ። ከቦርሳቸው እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለ ባለ 23 ኢንች ራኬት አውጥተው ሰጧት። ክንዴን አመመኝ ማለቷ ከዚያ ወዲህ ቀረ።

ጋሼ የራሳቸው ሜዳ የላቸውም። ቅዳሜ ጠዋት የአንድ ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ በጠመኔ መስመር ያሰምራሉ። ገመድ በ80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይወጥራሉ። የትናንሾቹ ሜዳ 11 ሜትር ብቻ ነው፣ ሙሉው ግን 23.77 ሜትር ነው። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፣ ይሄ ደግሞ ምን ቴኒስ ነው ብዬ። «ትልቁ ላይ ካስገባኋት ኳስ ስትለቅም ነው የምትውለው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በአንድ ወር ውስጥ ከጓደኛዋ ጋር አሥር ጊዜ መመላለስ ቻለች። ሁለቱም እየጮኹ ሲቆጥሩ እንባዬ መጣ።

ኳስ አመራረጣቸውንም ልንገራችሁ። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ ይፈጥናል፣ ሲነጥርም ከሕፃናት ራስ በላይ ይሄዳል። ለዚህ ነው ከ1,219 ሜትር በላይ ላሉ ቦታዎች ለብቻው የሚሠራ ኳስ ያለው። እሱን እዚህ ከየት ይመጣል? ጋሼ ውስጡ ያለው ጋዝ ወጥቶ ብዙ የማይነጥር አሮጌ ኳስ ይሰበስባሉ። እያንዳንዱን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን እያደረጉ ይለያሉ። ለስላሳው ለትናንሾቹ፣ ጠንከር ያለው ለትልልቆቹ።

ሕይወታቸውን በጥቂቱ ነግረውኛል። በልጅነታቸው አዲስ አበባ አንድ ክበብ ውስጥ ኳስ አቀባይ ነበሩ። ተጫዋቾቹ ሲሄዱ ክሩ በተበጠሰ ራኬት እያዩ የቀረጹትን ይለማመዱ ነበር። ከዚያ ለክበቡ አባላት ተጋጣሚ፣ በኋላም ኮርስ ወስደው አሰልጣኝ ሆኑ። የቤት ኪራይና የልጆች ወጪ እያለ ሰዓት እየቆጠሩ የሚከፈልበት ሥራ ነው፤ ዝናብ የጣለ ቀን ገቢ የለም። ጉልበታቸው ሲያስቸግራቸውና እናታቸው ሲያረጁ ወደ ትውልድ ቦታቸው ተመለሱ።

ስለ ቶኒ ናዳል ሲያወሩ ፊታቸው ይበራል። የታዋቂው ስፔናዊ ቴኒስ ተጫዋች የራፋኤል ናዳል አጎት ነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ያሰለጠነው። «ልጁን ሳይሰለች ማየት ነው ሥራው» ይላሉ ጋሼ። እሳቸውም እንደዚያው ናቸው። ልጄ የከፋት ቀን ከእኔ ቀድመው ያውቃሉ። ራኬቱን ያስቀምጡና ኳስ ብቻ ያወራውሯታል።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜ ከጤና ጋር ያድልልኝ።

ልጅ ማስመዝገብ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ራኬት አስቀድማችሁ አትግዙ፣ እሳቸው ለክተው ይነግሯችኋል። ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ ሹራብ አልብሷቸው። አሮጌ የቴኒስ ኳስ ቤት ውስጥ ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ አትጣሉት፣ እኔው መጥቼ እወስደዋለሁ።