ካርቡራቶሩን ሳይነኩ ጃዋዬን ላዳኑልኝ መካኒክ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ያረጀ ሞተር ሳይክል ያላችሁ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ይጠቅማችኋል።

ያለኝ እ.ኤ.አ. የ1976 ጃዋ 350 ነው፤ ባለ ሁለት ምት፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር። ጠዋት አንዴ ስረግጠው ይነሳል። አስር ደቂቃ ያህል ከነዳሁት በኋላ ግን የቀኙ ሲሊንደር ሚስ ማድረግ (እሳት መዝለል) ይጀምራል። ጉልበቱ ይከዳል፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ይተኩሳል፣ ዳገት ላይማ ወርጄ ልግፋው ያሰኘኛል። አቁሜው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ደህና ይሆናል። የሚያሳብደው ይሄ ነው።

መጀመሪያ ያየው መካኒክ ሦስት ጊዜ ካርቡራቶሩን (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠውን ዕቃ) ፈትቶ አጠበው። በአራተኛው "ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሞተሩ ይከፈት" አለኝ። እሺ ልለው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

አሁን የማመሰግናቸው መካኒክ ግን ገና ቁልፍ ሳያነሱ "እስኪ ነድተህ አሙቀህ አምጣው" አሉኝ። ሚስ እያደረገ ይዤው ተመለስኩ። ሳላጠፋው ጣታቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ሁለቱ የጭስ ቱቦዎች ላይ ጠብ ጠብ አደረጉ። የግራው ላይ ጭስ ብሎ ወዲያው ጠፋ። የቀኙ ላይ ጠብታው ትንሽ ቆይቶ ነው የደረቀው።

"ጋሼ፣ ካርቡራቶሩ ይሆን እንዴ?" አልኳቸው። ሳቁብኝ። "ልጄ፣ የዚህ ሞተር ካርቡራቶር አንድ ነው፣ ሁለቱንም የሚያጠጣው እሱ ነው። ጥፋቱ የሱ ቢሆን ግራው በምን ይሰራል?"

ሦስት ጊዜ አሳጥቤዋለሁ እኮ!

ካንዴላዎቹን (ሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) ፈትተው አሳዩኝ። የግራው የደረቀና ቡናማ፣ የቀኙ ጥቁርና በዘይትና በቤንዚን የራሰ። የግራውን ወደ ቀኝ የቀኙን ወደ ግራ አዛወሩ፤ አሁንም የቀኙ ነው። ለካንዴላው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጡትን ቦቢናዎችም እንደዚሁ አቀያየሯቸው፤ አሁንም የቀኙ። የሁለቱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (የእመቃ ግፊት) ለኩ፣ እኩል ነው፤ የፋሻው ወሬ እዚያው ላይ አበቃ። እንዲህ ያለ ጃዋ ላይ ለያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ፑንቲና (ኤሌክትሪኩን እየቆራረጠ ብልጭታው እንዲወጣ የሚያደርግ)፣ የራሱ ኮንደንሰር (ፑንቲናው ላይ እሳት እንዳይፈነጥቅ የሚከላከል)፣ የራሱ ቦቢና ስላለው አንድ በአንድ እያጣሩ መሄድ ይቻላል፣ እኔ ይሄን አላውቅም ነበር።

ከዚያ የጎን ክዳኑን አንስተው ብርሃኑን በካርቶን ጋርደው "ጎንበስ በል እይ" አሉኝ። የግራው ፑንቲና ላይ ብልጭታው አይታይም ማለት ይቻላል። የቀኙ ላይ ግን ነጭ ሰማያዊ እሳት ይፈነጥቃል፣ ጫፉም ተቃጥሎ ጎድጉዷል። ኮንደንሰሩ ነው። ሲቀዘቅዝ ይሰራል፣ ሲሞቅ ይከዳል፤ ያኔ ካንዴላው ላይ መውጣት የነበረበት ጉልበት ፑንቲናው ላይ ይባክናል። ከመሳቢያቸው አንድ ኮንደንሰር አውጥተው በሽቦ ከውጪ ብቻ አገናኙት። ሞተር ሳይክሉ እዚያው እንደቆመ የሞተሩ ድምፅ ሲስተካከል በጆሮዬ ሰማሁት። ሳቄ መጣ።

አዲሱን በደንብ አሰሩት፣ ፑንቲናውን ወልውለው ክፍተቱን 0.4 ሚሊ ሜትር ላይ አደረጉ፣ ክፍተቱ ሲነካ ታይሚንጉም (ብልጭታው የሚወጣበት ቅጽበት) ስለሚነካ እሱንም እንደገና ለኩት። አለቀ። የተቀየረው አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ የለበሰች ዕቃ ናት። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ አንድም ቀን አላስቸገረኝም።

እውነቱን ልናገር፣ ቸኩላችሁ ከሆነ እሳቸው ጋ አትሂዱ። በአንድ ጊዜ አንድ ሞተር ብቻ ነው የሚይዙት፣ ስልክም ቶሎ አያነሱም፣ ስለ ድሮ ሞተሮች ከጀመሩ ደግሞ ማቆሚያ የላቸውም (እኔ ወድጄዋለሁ)። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል። ካንዴላውን ግን ጠርጋችሁ እንዳትሄዱ፣ ይቆጣሉ። የሞተሩን ችግር የሚያነቡት ከሱ ላይ ነው።