ለታዳጊዎች የካፕኬክ ማስጌጥ ፕሮግራም፦ ከዊልተን ኖዝሎች የትኞቹ ይበቃሉ?

በአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለታዳጊዎች የካፕኬክ ማስጌጥ ፕሮግራም ሲታሰብ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታዘዘው ትልቅ ሳጥን ነው፤ ኖዝሉ (በክሬም መጭመቂያው ከረጢት ጫፍ የሚገባው፣ ክሬሙን ቅርጽ የሚያሲዘው ቀዳዳ ብረት)፣ ማዞሪያው፣ መቀሱ፣ ማለስለሻው ሁሉ ባንድ ላይ፣ ከ100 ቁራጭ በላይ። ሲያዩት ያጓጓል። ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። አብዛኞቹ ኖዝሎች ትንንሾች ስለሆኑ አንድ ካፕኬክ ለመሸፈን ብዙ ይደክማሉ፤ ሲታጠቡ ይደባለቃሉ፤ ልጆቹም ጊዜያቸውን በምርጫ ይጨርሱታል። ሦስት ዓይነት ኖዝል በነጠላ ገዝቶ ለየቡድኑ ማደልና የተረፈውን ገንዘብ በክሬሙ ላይ ማዋል እጅግ ይሻላል።

የኬክ ማስጌጫ ዕቃ አምራቹ ዊልተን ኩባንያ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1929 ቺካጎ ውስጥ ነው። የኖዝሎቹ ቁጥር ዛሬ በጋጋሪዎች ዘንድ መግባቢያ ሆኗል። ከሁሉም በፊት የሚገዛው 1ኤም ነው፤ አፉ ሰፊ፣ ባለ ኮከብ። ለጀማሪ ከዚህ የሚመች የለም፤ እጁ ቢንቀጠቀጥ እንኳ የኮከቡ ጥርሶች የሚያወጡት መስመር ጉድለቱን ይሸፍንለታል። ከረጢቱን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ኖዝሉን ከኬኩ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ፣ ከዳር ጀምሮ እየዞሩ ወደ መሐል መግባት ነው። መሐል ሲደርሱ መጀመሪያ መጭመቁን ያቆማሉ፣ ከዚያ እጅን ያነሳሉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ጫፉ ላይ ረጅም ጅራት ይቀራል፤ ጀማሪዎች ሁሉ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር ከተዞረ ደግሞ ያው ኖዝል ጽጌረዳ የሚመስል ቅርጽ ያወጣል።

ሁለተኛው 352፣ የቅጠል ኖዝል ነው። ከረጢቱን 45 ዲግሪ አጋድሞ፣ ሥሩ ላይ ጠበቅ አድርጎ ጨምቆ፣ ጭመቃውን እያላሉ መሳብ። አረንጓዴ ቢሞላ ቅጠል ነው፤ ቢጫ ቢሞላ ግን አበባ ይሠራል። ከ6 እስከ 8 ቢጫ ቅጠል ዙሪያውን አውጥቶ መሐሉ ላይ በ3 ቁጥር ጠቃጠቆ ማድረግ ዐደይ አበባ ይሆናል። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያን በመሰሉ የእኛ ቤተሰቦች በብዛት በሚኖሩባቸው ከተሞች ላሉ ቤተ መጻሕፍት የመስከረም ፕሮግራም ይህን ቢያስተምሩ እንቁጣጣሽን ያገኙታል። ሦስተኛው 3 ቁጥር ነው፤ ቀጭን ክብ፣ ለፊደልና ለነጥብ። የግዕዝ ፊደል መጻፍ የሚፈልግ ልጅ ከዚህ የወፈረ አይመቸውም።

አንድ ወጥመድ አለ። ኖዝል ለመቀያየር የሚሸጠው ተራ የፕላስቲክ ማያያዣ ለ3 እና ለ352 ይሆናል፤ ለ1ኤም ግን ይጠብበታል። ስለዚህ 1ኤም በቀጥታ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል። ጫፉ ሲቆረጥ የኖዝሉ አንድ ሦስተኛ ብቻ ብቅ እንዲል ነው፤ ከዚያ ከሰፋ ልጁ ሲጨምቅ ኖዝሉ ተስፈንጥሮ ኬኩ ላይ ይወድቃል። ታጥቦ የሚመለስ የሲሊኮን ከረጢት ለቤት መልካም ነው፤ ለቤተ መጻሕፍት ግን ቅባቱን ለማስለቀቅ የፈላ ውኃና ትዕግሥት ይጠይቃል። የሚጣለው ባለ 12 ኢንች ይበልጣል። አንድ ኩባያ ያህል ክሬም ሞልቶ፣ አየሩን አስወጥቶ፣ አናቱን ጠምዝዞ በላስቲክ ማሰር። ታዳጊዎች ከረጢቱን ወገቡ ላይ ስለሚጨምቁ ያልታሰረ ክሬም በላይ ይወጣል። የሩሲያ ኖዝል የሚባለውን፣ በአንድ ጭመቃ ሙሉ አበባ የሚያወጣውን፣ አንመክርም፤ በጣም ጠንካራ ክሬምና የሠለጠነ እጅ ካላገኘ የሚያወጣው ድብልቅልቅ ነው።

ፕሮግራሙ ሲበላሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የክሬሙ ነው። የገበታ ቅቤ ክሬም ጣዕሙ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን በእጅ ሙቀት ይላላል፣ ሃያ ደቂቃ ሲያዝ ቅርጹ ይፈርሳል። ለዚህ ሥራ የአትክልት ሾርትኒንግ፣ ማለትም ብዙዎች ክሪስኮ ብለው የሚያውቁት የረጋ የአትክልት ዘይት፣ ይሻላል፤ ሙቀትን ይቋቋማል፣ ነጭ ስለሆነም ቀለሙ ጥርት ይላል። አንድ ኩባያ ሾርትኒንግ፣ አንድ ፓውንድ ማለትም 454 ግራም ፓውደር ሹገር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውኃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ነጭ ቫኒላ፣ ቁንጥር ጨው። ስኳሩ በወንፊት ካልተነፋ ጓሉ 3 ቁጥርን ይደፍነዋል፣ ልጁ ኃይል ሲጨምር ከረጢቱ ይፈነዳል። ይህ መጠን ሦስት ኩባያ ያህል ጠንካራ ክሬም ይወጣዋል። ለቅጠል በኩባያ አንድ የሻይ ማንኪያ ውኃ፣ ለጽሑፍ ሁለት ይጨመራል። ቅጠሉ ጫፉ ከተሰነጠቀ ክሬሙ ደርቋል ማለት ነው፤ ፊደሉ እየተበጣጠሰ ከወጣም እንዲሁ።

በቅቤና በወተት ፈንታ ሾርትኒንግና ውኃ መግባቱ ሌላም ትልቅ ጥቅም አለው፦ ክሬሙ የጾም ይሆናል። የአሜሪካ በጋ ፕሮግራሞች ነሐሴ ከገቡ ፍልሰታ ላይ ያርፋሉ፤ ጾሙ የሚገባው ኦገስት 7 ነው። በሌላውም ጊዜ ረቡዕና ዓርብ አለ። ጓደኞቹ ሲበሉ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ልጅ ሊኖር አይገባም፤ ይህ ደግሞ በአንድ የምግብ አሠራር ምርጫ ብቻ የሚፈታ ነው። ኬኩም በጾም ይሠራል፦ አንድ ኩባያ ተኩል ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ስኳር፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ በዚህ ላይ ሲሶ ኩባያ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቫኒላና አንድ ኩባያ ውኃ። እንቁላል የለበትም፤ የሚያነሣው ኮምጣጤውና ሶዳው ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ነው። ስለዚህ እንደተቀላቀለ ወዲያው ወደ ምድጃ፣ በ350 ፋራናይት ከ18 እስከ 20 ደቂቃ። 12 ካፕኬክ ይወጣዋል። ጽዋው ከሁለት ሦስተኛ በላይ ከተሞላ አናቱ ያብጥና ክሬሙ ይንሸራተታል። ምድጃ በሌለው ቤተ መጻሕፍት ከፕሮግራሙ አንድ ቀን ቀድሞ መጋገር ወይም ክሬም የሌለበት ከሱቅ ማዘዝ ነው፤ ትኩስ ኬክ ላይ የወጣ ክሬም ግን ምንም ቢሆን ይቀልጣል።

ጾም ሲባል ከአለርጂ ነጻ ማለት አይደለም። ሾርትኒንግ አኩሪ አተር አለበት፣ ኬኩ ስንዴ ነው። በአሜሪካ ሕግ በማሸጊያ ላይ እንዲገለጹ የሚጠየቁት ዋና ዋና አለርጂ አምጪዎች 9 ናቸው፤ ሰሊጥ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ተጨምሯል። «ሊነካካው ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ግን ግዴታ ስላልሆነ አለመጻፉ ዋስትና አይሆንም። ማሸጊያዎቹን ሳይጥሉ ጠረጴዛ ላይ ማኖር ጥሩ ነው። ለሙስሊም ቤተሰቦች በተለይ ከማርሽማሎው የሚሠራውን ፎንዳንት (እንደ ሊጥ ተዳምጦ ኬክ ላይ የሚለበሰውን የስኳር ሽፋን) ማየት ያስፈልጋል፤ ጄላቲኑ ብዙውን ጊዜ ከአሳማ ነው።

የቆርቆሮ ክሬም ያመጣ ሰው በቢላ መቀባት ይችላል፤ ለኖዝል ግን በጣም ለስላሳ ነው። ባለ 16 አውንሱ ላይ ግማሽ ኩባያ ፓውደር ሹገር ጨምሮ መምታት ይረዳዋል፤ ያም ሆኖ በ1ኤም ከ8 እስከ 10 ካፕኬክ ቢደርስ ነው።

ቀለሙ የጄል ይሁን። ፈሳሹ ክሬሙን ያላላዋል። በስቴኪኒ ነካ አድርጎ መጨመር፣ ለሁለተኛ ጊዜ ደግሞ በአዲስ ስቴኪኒ። ቀይ ሲያድር ስለሚደምቅ ዋዜማውን መበጥበጥ ነው፤ በዕለቱ ደማቅ ለማድረግ ሲሉ የሚያበዙት ጣዕሙ መራራ ይሆናል። ጥቁር ከቸኮሌት ክሬም ቢጀመር ብዙ ቀለም አይፈጅም። ቁም ሣጥን ውስጥ የቆየ ቀይ ካለ ማሸጊያውን ያንብቡ፤ ቀይ ቁጥር 3 የተባለውን ማቅለሚያ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በጃንዋሪ 2025 ከምግብ እንዲወጣ ወስኗል፣ አምራቾችም እስከ ጃንዋሪ 2027 ጊዜ ተሰጥቷቸዋል።

ለ12 ልጆች 24 ካፕኬክ፣ ከላይ ያለው የክሬም መጠን ሦስት እጥፍ፣ ሦስት ሦስት ሆነው አራት ቡድን፣ በቡድን ሦስት ከረጢት። ዘጠና ደቂቃ ይበቃል፤ ነገር ግን ከዚያ ውስጥ ሩብ ሰዓቱ በመጋገሪያ ወረቀት ላይ ለመለማመድ ይሁን። ወረቀቱ ላይ የወጣው ተጠርጎ ወደ ከረጢቱ ይመለሳል፣ ምንም አይባክንም። ይህን ዘሎ በቀጥታ ውድድር የሚጀምር ፕሮግራም ከዚህ በፊት ቤቱ የሠራውን ልጅ ብቻ ያስደስታል። ውድድር ለሁለተኛው ዙር ይቆይ።

ምንጣፍ ባለበት ክፍል ጠረጴዛውም ወለሉም ፕላስቲክ ይነጠፍበት። ሲያጸዱ ክሬሙን መጀመሪያ በሶፍት ጠርጎ ቆሻሻ ውስጥ መጣል እንጂ ሲንክ ውስጥ ማፍሰስ አይገባም፤ ቅባቱ ቧንቧው ውስጥ ረግቶ ይደፍነዋል። ኖዝሎቹ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥበው ወዲያው ይደረቁ፣ ረጥበው ካደሩ ሊዝጉ ይችላሉ። ለቤት የሚወሰደው ካፕኬክ ጠፍጣፋ ሣህን ላይ ከሆነ መኪና ውስጥ ይደፋል፤ ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ብርጭቆ ውስጥ አንድ አንድ ቢቀመጥ ጥምዝምዙ ሳይነካ ይደርሳል።