ፍሪዘር ልትገዙ ካሰባችሁ መጀመሪያ ይህን ልጅ ጥሩት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ አንድ የፍሪጅ ባለሙያ ላመሰግንና ላስተዋውቃችሁ ነው። ስሙን አልጠራም። «እትዬ፣ ስልኬን አደባባይ ላይ እንዳያወጡብኝ» ብሎኛል። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በዓል በመጣ ቁጥር ቅርጫ እንገባለን። በሬው ኮሙናሉ ጋ ይታረዳል፣ መደብ መደቡ ይወጣል፣ ሁሉም ድርሻውን ተሸክሞ ይገባል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። የፍሪጃችን በረዶ ቤት ጠባብ ስለሆነ ግማሹ ለቋንጣ ይዘለዘላል፣ የቀረው በጥድፊያ ይበላል። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳውን ቀን ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ የኛ ሥጋ ግን ዳግማይ ትንሣኤን አያይም። ከዚያ በኋላ ያለው በኪሎ መግዛት ነው። የኪሎውን ነገር እናንተው ታውቁታላችሁ።

ባለቤቴ በደላላ አንድ ያገለገለ ዲፕ ፍሪዘር አገኘ። 400 ሊትር ይይዛል፣ ዋጋው ከአዲሱ ግማሽ አይሞላም። ቀብድ ከመያዙ በፊት ባለሙያ ይየው ብዬ ልጁን ጠራሁት። ሳሪስ አካባቢ ነው የሚሠራው።

ሻጩ «ከማታ ጀምሮ እንደተሰካ ነው፣ እዩት» ብሎ ክዳኑን ከፈተልን። ውስጡ ነጭ ሆኗል። እኔ በረዶ ሳይ ጥሩ ነው ብዬ ነበር። ልጁ የስልኩን መብራት አብርቶ ጎንበስ አለና ግድግዳውን በጣቱ ዳሰሰው። አመዳዩ ያለው ከአንዱ ጥግ እስከ መሐል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ግድግዳው እርጥብ ነው እንጂ አመዳይ የሚባል የለውም። «ጋዝ ጎድሎታል» አለ። ቀጥሎ ከኋላ ዞሮ ኮምፕሬሰሩን አየ። የጋዝ መሙያዋ ቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ አዲስ ብየዳ አለ። ቅርብ ጊዜ ጋዝ ተሞልቷል፣ እንደገናም ጎድሏል ማለት ነው። ጋዝ እንደ ነዳጅ እየተቃጠለ አያልቅም፤ ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ። በዚህ ዓይነቱ ፍሪዘር ደግሞ የሚያቀዘቅዘው ቧንቧ ግድግዳው ውስጥ በፎም ተቀብሮ ነው ያለው። ቀዳዳው እዚያ ከሆነ ፎሙን ሳይፈለፍሉ አይገኝም፤ ተፈልፍሎም እንደ ድሮው አይሆንም።

በመጨረሻ አሥር ብር ከኪሱ አወጣ። ክዳኑ ላይ ባለው ጎማ መሐል አስገብቶ ዘጋና ሳበው። ከፊት ለፊት ጥርቅም አድርጎ ያዘው። ከማጠፊያው በኩል ግን ሳብ ሲያደርገው ሙልጭ ብሎ ወጣ። ያ ማለት ሌት ተቀን በዚያ በኩል ሙቅ አየር ይገባል፣ ኮምፕሬሰሩም አያርፍም።

ሻጩ ልጁን ወደ ጎን ጠርቶ «አንተም አትቀርም» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «እኔ የመጣሁት ከእትዬ ጋር ነው» አለውና ወደ እኛ ተመለሰ። ለዚህ ሁሉ ያስከፈለን የማያ ነው። የሁለት ኪሎ ሥጋ ዋጋ እንኳ አይሞላም።

ከዚያ ወዲህ አዲስ እንግዛ ተባለ። ባለቤቴ አሁንም ዓይኑ ትልቁ ላይ ነው። ልጁ አስቀመጠንና አብሮን አሰላ። አንድ ሊትር ቦታ በግምት ግማሽ ኪሎ ሥጋ ይይዛል። የኛ መደብ ከነአጥንቱ 20 ኪሎ ቢሆን 40 ሊትር ነው። ቅቤ ጨምሩ፣ ሽንኩርት ሲረክስ የሚሠራ ቁሌት ጨምሩ፣ ለእንግዳ የሚቀመጥ ዶሮ ጨምሩ፤ 200 ሊትር ይበቃል፣ ይተርፋልም። በርበሬና ሽሮ ደረቅ ቦታ ካገኙ ፍሪዘር አይፈልጉም። ባለቤቴ አኮረፈ፣ ግን የተረፈውን ብር ሲያይ ኩርፊያው ለቀቀው።

ሱቅ ውስጥ ያሳየን ነገር ለሁላችሁም ይጠቅማል። ማስታወቂያውን ትታችሁ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። አራት ኮከብ ያለበት ፈልጉ። ሦስት ኮከብ ያለውም እስከ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ አራተኛው ኮከብ ግን ገና በረዶ ያልሆነ ምግብ አስገብታችሁ በረዶ ማድረግ እንደምትችሉ ይነግራችኋል። እዚያው ወረቀት ላይ በ24 ሰዓት ስንት ኪሎ በረዶ ማድረግ እንደሚችልም ተጽፏል። ቅርጫ የሚገባ ሰው ከሊትሩ ይልቅ ይችን ቁጥር ይያት። ስንቱ ነው ከነሙቀቱ ሃያ ኪሎ ሥጋ ከቶ «አላቀዘቅዝ አለኝ» የሚለው! ሥጋው መጀመሪያ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ከዚያ ለአንድ ወጥ፣ ለአንድ ወጥ የሚሆነውን በላስቲክ አድርጋችሁ፣ በእጅ ደልድላችሁ እንደ ደብተር ጠፍጣፋ አድርጉት። ከግድግዳው ጋር አስጠግታችሁ በየተራ አስገቡ። ፍሪዘሩን ከአንድ ቀን በፊት የቅዝቃዜ ቁልፉን ከፍ አድርጎ ማዘጋጀት ነው። ለቁርጥ ያሰባችሁትን ግን በዕለቱ ብሉ፤ ቀዝቅዞ የቀለጠ ሥጋ ቁርጥ ነው ብሎ የሚያቀርብልኝን ሰው ቤቱ አልደግምም።

ወደ ላይ የሚከፈተውን እንድንገዛም እሱ ነው የመከረን። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ክዳኑ ሲነሳ ታች ይቀራል፤ እንደ ቁም ሳጥን የሚከፈተው ግን በሩ በተከፈተ ቁጥር ቅዝቃዜውን እግራችሁ ላይ ያፈሰዋል። መብራት ሲጠፋ ልዩነቱ ይታያል። የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ድረስ በረዶውን ይይዛል። ለዚህ ነው ጾም ገብቶ ሲጎድል ባዶውን ቦታ ውኃ በተሞላ ሃይላንድ ሙሉት ያለን። አንገቱ ድረስ አይሞላ፤ ውኃ በረዶ ሲሆን ያብጣል፣ ፕላስቲኩን ይቀደዋል።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የመብራቱ ነገር ነው። «እትዬ፣ እዚህ ብሎክ ላይ እንጀራ የሚጋገረው መቼ መቼ ነው?» አለኝ። ሳቄ መጣ። «ቅዳሜ ከሰዓት» አልኩት። «እንግዲያው ቅዳሜ ነው የምመጣው» አለና መለኪያውን ይዞ መጣ። 220 ቮልት መሆን የነበረበት ከ190 በታች ወርዷል። አንድ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ላይ ሲጥድ መስመሩ ይደክማል። ኮምፕሬሰር በደከመ ኃይል ለመነሳት ሲታገል እዝዝዝ ይላል፣ ይግላል፣ ውሎ አድሮ ይቃጠላል። ስለዚህ ኃይሉን የሚያስተካክል ስታብላይዘር አስገዛን፤ ያውም መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቅ። ማከፋፈያ ላይ መሰካትን ከለከለ። በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት።

ጫኝና አውራጆቹ ፍሪዘሩን አራተኛ ፎቅ ሲያወጡ አጋድመው እንዳይሸከሙት ደረጃው ላይ ቆሞ ጠብቋል። (ከነሱ ጋር በዋጋ የተከራከርነውን ክርክር ሌላ ቀን።) ከገባ በኋላም ወዲያው አላሰካንም። ሲጓዝ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ሊሄድ ስለሚችል ጥቂት ሰዓት ቆሞ ይረጋ አለን። ከግድግዳው ራቅ አድርጎ አስቀመጠው፣ ውስጡ ትንሽ ቴርሞሜትር ትቶ ሄደ። በማግስቱ ደውሎ «ስንት ይላል?» አለኝ።

እንከንም አለው። ሦስት ሰዓት ካላችሁ አራት ተኩል ይመጣል። ቀን ቀን ስልክ አያነሳም፣ ማታ መልሶ ይደውላል። ልብስ ማጠቢያ ሥራልን ብትሉት «አላውቅበትም» ይላችኋል፤ ይህን እንኳ እኔ ከእንከን አልቆጥረውም። አዳዲሶቹ ፍሪዘሮች ላይ «አር 600 ኤ» የሚል ጋዝ አለ። እሳት የሚይዝ ስለሆነ ማንም ብየዳ ይዞ የመጣ ሰው እንዳይነካው አደራ ብሏል። እሱ ግን ይሠራዋል፣ መስኮት አስከፍቶ ነው የሚጀምረው።

ሳሪስ፣ ቃሊቲ፣ ጎተራና ጀሞ ድረስ ይሄዳል። ከዚያ ለሚርቅ የታክሲ ይጠይቃል፣ ዋጋውን ግን አስቀድሞ ይናገራል። ለፋሲካ ያሰባችሁ አሁኑኑ ጻፉልኝ፤ በሰሙነ ሕማማት አታገኙትም፣ ስልኩን ዘግቶ ስግደት ላይ ነው።