ካኑማ ብለው የኖራ ጠጠር ሸጡልኝ

በዋሽንግተን ዙሪያ ቦንሳይ፣ ማለትም በሳህን ላይ የሚያድግ ድንክ ዛፍ፣ የምታሳድጉ ወገኖቼ፣ በተለይ አዛሊያና ካሜሊያ የሚባሉትን የአበባ ዛፎች የያዛችሁ፣ ይህን አንብቡ። ካኑማ የሚባለውን የጃፓን የቦንሳይ አፈር ልገዛ አንድ የቦንሳይ ሱቅ ገብቼ ተታለልሁ። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ ቃሌ ቢሻክር አትቀየሙኝ።

የሱቁን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ደጁ ላይ የቀርከሃ አጥር፣ ውስጡ ውሃ የሚንጠባጠብበት የድንጋይ ገንዳ፣ ዋጋ ሲጠየቁ ከላይ እስከ ታች አይተው የሚመልሱ ሽርጥ የለበሱ ሠራተኞች። ሥርዓቱም የታወቀ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ናሙና በሣጥን ይደረደራል፣ ገዢ ይዳስሳል፣ የሚጫነው ግን ከጓሮ መጋዘን ይመጣል።

ዛፌ ሳትሱኪ የሚባለው የጃፓን አዛሊያ ነው፤ ለዓመታት ከልጆቼ እኩል ተንከባክቤዋለሁ። አበባው እንደረገፈ አፈሩን ልቀይርለት ተነሣሁ። የአዛሊያ ሥር ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ አየር ይፈልጋል፣ እርጥበት ይፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ አሲዳማ አፈር ይፈልጋል። ለዚህ ነው ጃፓኖች በካኑማ የሚተክሉት። ካኑማ ከቶኪዮ በስተሰሜን በቶቺጊ ግዛት ያለች ከተማ ናት፤ የአካጊ እሳተ ገሞራ ከ40 ሺህ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት የተፋው ቢጫ ቀላል ድንጋይ ከመሬቷ ሥር ይቆፈራል። አፈሩም ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው። የአሲድነት መለኪያው፣ ፒኤቹ፣ ከ5 እስከ 6 አካባቢ ነው፤ አሲዳማ ነው ማለት ነው። ካሜሊያም ያንኑ ጠባይ ትወዳለች፤ የሻይ ቅጠል እህት አይደለች? የውሽውሽ ሻይ በከፋ ዝናብና አሲዳማ አፈር የሚያምርበት ምክንያት እኮ ይኸው ነው።

ናሙናውን ዳሰስሁ። አንዷን ፍሬ በአውራ ጣቴ ስጫናት እንደ ደረቅ አይብ ፍርፍር አለች። ውሃ ጠብ አደረግሁባት፤ ቢጫው ወዲያው ጠቆረ። እውነተኛ ካኑማ። የ14 ሊትር እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። ወጣቱ ሻጭ ሣጥኑን በእጁ ከለል አደረገና «ይህ ለማሳያ ነው፤ ለእርስዎ ትኩሱን ከኋላ አመጣለሁ» አለኝ። ትኩስ አፈር! ዳቦ መሰለው እንዴ? ተመልሶ ሲመጣ የያዘው የጃፓን ጽሑፍ ያለበት ጆንያ ሳይሆን አፉ በገመድ የታሰረ ነጭ ፕላስቲክ ነበር። «ጆንያው በጉዞ ላይ ተቀዶብን ነው፤ ውስጡ ያው ነው» አለ፣ ዓይኔን እያየ። ዓይኔን እያየ! ከዚያም እኔ እንዳልሸከም ብሎ ራሱ መኪናዬ ድረስ ተሸክሞ ጫነልኝ፣ ዛፉም እንዲያምርልኝ ተመኘልኝ። 55 ዶላር ከፍዬ አመስግኜው ሄድሁ። ያ ምስጋና ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

ዛፉ ሳምንታት ሳይቆይ ቅጠሉ ይገረጣ ጀመር፤ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ቢጫ። ይህን ምልክት አዛሊያ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሥሩ ብረት መሳብ አልቻለም ማለት ነው። ከከረጢቱ የቀረውን አንድ እፍኝ በወንፊት አጠብሁት። ቢጫው አቧራ ታጥቦ ሄደና ግራጫ ጠጠር ቀረ፤ በጥርስ እንኳ የማይሰበር። አቼቶ አፈሰስሁበት። ተንፈቀፈቀ! የኖራ ድንጋይ ነው። አገር ቤት ገበሬው አሲዳማ መሬቱን በኖራ ያክማል፤ እኔ ደግሞ አሲድ የሚወደውን ዛፌን በገዛ ገንዘቤ ኖራ ውስጥ ቀበርሁት።

ትናንት ጠጠሩንና አቼቶውን በብርጭቆ ይዤ ሄድሁ። ወጣቱ ሲያየኝ ወደ ጓሮ ገባ፤ ኃላፊው መጣ። ብርጭቆውን አላየም፣ አንድ ጊዜ እንኳ። «የቧንቧ ውሃዎ ነው» አለኝ። ሌላዋ አዛሊያዬ ከሌላ ቦታ በተገዛ ካኑማ ውስጥ፣ ከዚያው ቧንቧ እየጠጣች ጥቁር አረንጓዴ መሆኗን ነገርሁት። ጆሮ ዳባ ልበስ። ፎቶግራፉን ከስልኬ አውጥቼ ስዘረጋለት ወደ ባልደረባው ዞሮ ፈገግ አለና «ለእንዲህ ዓይነቱ ተክል እኮ የሱፐርማርኬት አፈር ይበቃ ነበር» አለ። እንዲህ ዓይነቱ ተክል! ዛፌን አይቶት አያውቅም። ያየው እኔን ነው። ከኋላዬ ወረፋ የያዙ ደንበኞች ነበሩ፤ አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ኃላፊው በእኔ ትከሻ ላይ አሻግሮ «ቀጣይ» አለ። አንጀቴ እርር ብሎ ወጣሁ።

ዛፉን ማታውኑ ነቅዬ ሥሩን በዝናብ ውሃ አጠብሁትና በቀረችኝ ጥቂት እውነተኛ ካኑማ ላይ አስቀመጥሁት። በአንድ በጋ ሁለት ጊዜ ሥሩ ተነካክቷል፤ ይተርፍ እንደሆነ እንጃ። ባንኬ ክፍያው እንዲመለስልኝ ደረሰኝ ላኪ አለኝ። አውጥቼ ሳየው «የተክል አፈር፣ አይመለስም» ይላል። ካኑማ የሚል ቃል የለበትም።

እንግዲህ ፋብሪካው ባሸገው ጆንያ ካልሆነ አትግዙ። መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት አንዷን ፍሬ ጨፍልቁ፣ አቼቶ ጠብ አድርጉ። ደረሰኙ ላይም ካኑማ ብለው እንዲጽፉ አድርጉ፤ አንጽፍም ካሉ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱ።