ታጣፊ የጉዞ ጋሪ ከዘጠኝ ወር በኋላ፦ ከኪሎው በፊት እንቅልፉን እዩ

ይህን የምጽፈው ታጣፊ የልጅ ጋሪያችንን ዘጠኝ ወር ሙሉ ከገፋሁት በኋላ ነው። ሲገዛ ልጄ ስምንት ወሯ ነበር፣ አሁን ዓመት ከአምስት ወር ሆኗታል። በዚህ መሃል ስድስት በረራ አብሮን ሄዷል። አውቶቡስና ባቡር ላይ ስንቴ እንደወጣና እንደወረደማ አልቆጠርኩትም። ብራንዱን አልጠራም። ሞዴሎቹ በየጊዜው ይቀያየራሉ፣ እኔ የማወራው ደግሞ የትኛውንም ስትገዙ መፈተሽ ስላለባችሁ ነገር ነው።

ከሱ በፊት ሌላ ጋሪ ነበረን። እሱን የመረጥኩት በክብደቱ ብቻ ነው። አምስት ኪሎ አይሞላም፣ ሲታጠፍ ቦርሳ ያክላል፣ ገና ሳየው ወደድኩት። የመጀመሪያው ጉዟችን ላይ ልጄን እንቅልፍ ወሰዳት። ወንበሩ ግን ወደ ኋላ አይጋደምም። አንገቷ ወደ ፊት ወድቆ አገጯ ደረቷ ላይ አረፈ። በአንድ እጄ ግንባሯን ደግፌ፣ በሌላው ጋሪውን እየገፋሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ሄድኩ። አላስችል ሲለኝ አውጥቼ አቀፍኳት። ከዚያ በኋላ ልጅም እኔ፣ ሻንጣም እኔ፣ ባዶ ጋሪም እኔ። ሁለት ኪሎ እንዲቀልልኝ ብዬ የገዛሁት ዕቃ ስምንት ኪሎ ልጅ አሸከመኝ።

ትንሽ ሕፃን ላይ ደግሞ ይሄ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አገጭ ደረት ላይ ሲደፋ የመተንፈሻው መስመር ይጠብባል። ኢኤን 1888 የሚባለው የአውሮፓ የልጅ ጋሪ ደህንነት መለኪያም በመቀመጫውና በጀርባው መካከል ያለው ማዕዘን 150 ዲግሪ የማይደርስ ወንበር ከስድስት ወር በታች ላለ ልጅ አይሁን ይላል። ብዙ የጉዞ ጋሪዎች መመሪያ ላይ "ከስድስት ወር ጀምሮ" የሚል ታያላችሁ። ዝም ብላችሁ አትለፉት።

ሁለተኛውን ስንገዛ መጀመሪያ ያየሁት ጀርባውን ነው። ሙሉ በሙሉ ባይዘረጋም ጥሩ አድርጎ ይጋደማል። ልጄ ቀን ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ትተኛበታለች፣ አንገቷም ቀጥ ብሎ ነው። አንድ የማልወድለት ነገር አለ። ጀርባው የሚወርደው በገመድ ነው። ማያዣውን ስትጫኑት ልቅቅ ብሎ ይወርዳል፣ ልጅ ገና እንቅልፍ ሲይዛት ደግሞ ያ መውረድ ይቀሰቅሳታል። አሁን በጉልበቴ ጀርባውን ከኋላ ደግፌ ቀስ አድርጌ ነው የማወርደው። ጥላው ላይ ያለችው ማያ መስኮትም በሚጣበቅ ጨርቅ ነው የምትዘጋው። ስትከፈት "ጭርርር" ትላለች። በማግኔት የሚዘጋ ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ። ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ የተኛ ልጅ ለማየት ከፍታችሁ ስትቀሰቅሷት ትንሽ አይደለም።

ስለ ክብደቱ፦ ወረቀቱ ላይ 6 ኪሎ ይላል። የሻንጣ መመዘኛ ላይ ሰቅዬ ስመዝነው 6.7 ሆነ። ልዩነቱ የጥላው፣ የፊት መያዣው ዘንግና የዝናብ ሽፋኑ ነው። እውነቱን ለመናገር ሰባት መቶ ግራም አልጎዳኝም። በማንጠልጠያው ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌው ደረጃ እወጣለሁ።

አሁን ወደ ማጠፉ ልምጣ፣ ከእንቅልፉ ቀጥሎ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነውና። ሻጩ ሲያሳያችሁ ሁሉም ጋሪ በአንድ እጅ ይታጠፋል። ሱቅ ውስጥ ግን ልጅ አላቀፋችሁም፣ ዝናብ የለም፣ ከኋላችሁ የሚጠብቅ ሰልፍ የለም። እኔ ጋር እንዲህ ነው የሚሆነው፦ ልጄን በግራ እጄ አቅፋለሁ። በቀኝ አውራ ጣቴ እጀታው ላይ ያለውን ቁልፍ ወደ ጎን እገፋና እጀታውን እጨብጣለሁ። ጋሪው መሃሉ ላይ ይሰበራል። ወደ ታች እጫነዋለሁ፣ "ቀጭ" ካለ ተቆልፏል። አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ካላለ ግን የፊት ጎማዎቹ ወደ ጎን ዞረዋል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ሁለት ወር ፈጀብኝ። እስከዛ ድረስ አንዳንዴ እሺ የሚል፣ አንዳንዴ እምቢ የሚል ዕቃ ነበር የሚመስለኝ፣ አንድ ጊዜ አውቶቡስ በር ላይ ሰው ሁሉ እያየኝ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ከነምኑ ጎትቼ አስገብቼዋለሁ። አሁን ከማጠፌ በፊት አንድ እርምጃ ወደ ፊት እገፋዋለሁ፣ ጎማዎቹ ይስተካከላሉ፣ አለቀ።

ስትገዙ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አቅፋችኋት እጠፉት፣ አቅፋችኋት ዘርጉት። መዘርጋቱ ከማጠፉ ይከብዳል፣ ማንም ግን አያሳያችሁም።

ማጠፊያው ጋ አንድ ነገር ልጨምር። ስትዘረጉም ስታጥፉም ልጁ ከጋሪው ራቅ ይበል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ሚሊዮን ገደማ ታጣፊ ጋሪዎች ባለቤቶች የማጠፊያ መሸፈኛ እንዲወስዱ ጥሪ ተደርጎ ነበር። ምክንያቱ ማጠፊያው የልጆችን የጣት ጫፍ መቁረጡ ነው። የኛ ማጠፊያ በፕላስቲክ የተሸፈነ ነው። ሆኖም ልጄ መራመድ ከጀመረች ወዲህ እጇ የማይገባበት ቦታ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ እሷን አቅፋለሁ፣ ከዚያ ነው ጋሪውን የምነካው።

አውሮፕላን። የብዙዎቻችን ጥያቄ "ከላይ ይገባል ወይ?" ነው። የዓለም አቀፉ አየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ ኢያታ፣ ለእጅ ሻንጣ የሚጠቅሰው መጠን 56 በ45 በ25 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ጎማና እጀታ ጨምሮ። ይህ ግን መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። እያንዳንዱ አየር መንገድ የራሱ መጠን አለው። የኛ ጋሪ ታጥፎ 54 በ44 በ21 ነው። ከስድስቱ በረራ አራቱ ላይ ከመቀመጫችን በላይ ገብቷል። ሁለቱ ላይ ጋሪውን የአውሮፕላኑ በር ላይ ተቀብለውናል፣ አንዱ አውሮፕላኑ ትንሽ ስለነበር፣ ሌላው ቦታ ስለሞላ። ስለዚህ "ካቢን ይገባል" የሚለውን ጽሑፍ እንደ ቃል ኪዳን አትያዙት። ልብስ፣ ዳይፐር፣ መድኃኒት ከጋሪው ቅርጫት ውስጥ አውጥታችሁ ተሰለፉ። ፍተሻ ላይም ልጁን አውጥታችሁ፣ ጋሪውን አጥፋችሁ በማሽኑ እንድታሳልፉት ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ቅርጫቱ ሙሉ ከሆነ እዚያው ሁሉንም ማራገፍ ነው።

በር ላይ ስታስረክቡ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "የምንረከበው የት ነው? በሩ ላይ ወይስ ከሻንጣ ጋር?" እኛ አንዴ ሳንጠይቅ ቀረን። ወርደን በሩ ላይ ብንጠብቅ ብንጠብቅ የለም። ባለቤቴ ሻንጣዎቹን ተሸክሞ፣ እኔ የተኛች ልጅ ይዤ፣ ያን ሁሉ ኮሪደር በእግር ሄድን። ጋሪው ሻንጣ መረከቢያው ላይ እየዞረ አገኘነው። የፍሬኑ መርገጫ ተሰብሯል። ከአዳራሹ ሳንወጣ አመለከትን፣ ስናስረክበው ያነሳነውን ፎቶ አሳየን፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ የጥገናውን ከፈሉን። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 የወጣው የሞንትሪያል ስምምነት የሚመለከተው ዓለም አቀፍ በረራ ላይ ሻንጣ ከተጎዳ፣ አቤቱታው ዕቃውን ከተረከባችሁ በሰባት ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። ቤት ደርሼ አያለሁ ስትሉ ያልፋችኋል።

ታጣፊ ጋሪ ራሱ የመጣው ከአውሮፕላን መሆኑን ሳውቅ ደስ ብሎኝ ነበር። ኦወን ማክላረን የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው፣ የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን ጎማ የሚታጠፍበትን ክፍል ሥራ ላይ የተሳተፈ ሰው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1965 ያንን ዕውቀቱን ወደ ልጅ ጋሪ አመጣው። በአሉሚኒየም፣ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ።

ጎማዎቹ የዚህ ዓይነት ጋሪ ደካማ ጎን ናቸው። ትንንሽ ናቸው፣ ደረቅ ናቸው፣ ንፋስ የለባቸውም። ለስላሳ ወለል ላይ በአንድ ጣት ይሄዳል። ኮብልስቶን ላይ ግን ልጄ ጉንጯ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ትነቀነቃለች። ጠጠር ላይ የፊት ጎማው ይቆፍርና ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በፍጥነት ከሆናችሁ ልጁ ወደ ፊት ይወረወራል። ቀበቶው አምስቱም ቦታ መታሰር ያለበት ለዚህ ነው፣ ትከሻ፣ ወገብና በእግሮቹ መሃል። እንዲህ ያለ መንገድ ሲገጥመኝ ዞሬ በኋላ ጎማዎቹ እጎትተዋለሁ። ባቡርና አሳንሰር ውስጥ ስገባም እንደዚያው፣ የፊት ጎማ ክፍተቱ ውስጥ እንዳይቀረቀር።

አምስተኛው ወር ላይ የግራው የፊት ጎማ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ። ዘይት ላደርግበት ነበር። ባለቤቴ ጋሪውን ገልብጦ ሲያየው በጎማውና በዘንጉ መሃል ፀጉር ተጠምጥሟል። የኔ ፀጉር፣ ክር፣ የምንጣፍ ብናኝ፣ እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ ጠንክሯል። በመርፌና በወረንጦ ሃያ ደቂቃ ፈጀበት። ሲወጣ ጎማው እንደ አዲስ ዞረ። ዘይት አፈር ይሰበስባልና እንዳትቀቡት። በወር አንዴ ገልብጣችሁ እዩት፣ ይበቃዋል።

እጀታው ላይ ቦርሳ አትስቀሉ። ሁላችንም እንደምንሰቅል አውቃለሁ። ልጁ ቁጭ ባለበት ሰዓት ምንም አይሆንም፣ ልክ ልጁን ስታነሱት ግን ጋሪው ወደ ኋላ ይገለበጣል። እኛ ጋ የተገለበጠው ልጄ ውስጡ ሳትኖር ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሆኖም ልትወርድ ብላ ወደ ኋላ ብትንጠራራ ኖሮስ እያልኩ ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቦርሳው ጀርባዬ ላይ ነው። ከስር ያለው ቅርጫት የሚይዘው አምስት ኪሎ ነው፣ ለአንድ ቀን መውጫ በቂ ነው።

ጥላውም አጭር ነው፣ ፀሐይ ከጎን ስትመጣ ፊቷን አይሸፍንም። ለዚያ ብላችሁ ብርድ ልብስ ወይም ነጠላ ጨርቅ ላዩ ላይ አትጣሉበት። አየር አይገባም፣ ውስጡ በደቂቃዎች ይግላል፣ ልጁም ለዓይን አይታይም። እኔ የማደርገው በጎን የምትያያዝ ትንሽ የጋሪ ጃንጥላ ነው፣ ካልሆነም ጥላ ያለበትን ጠርዝ ይዤ እሄዳለሁ።

ጨርቁን ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ። ተፈትቶ ይወጣል፣ ሲመለስ ግን የቀበቶዎቹ ቀዳዳዎች ያደናግራሉ። ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት።

ለማን ይሆናል? በየቀኑ ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ የምትሄዱ ከሆነና ጋሪያችሁ አንድ ብቻ ከሆነ ይሄን አትግዙ፣ ትልቅ ጎማ ያለው ያስፈልጋችኋል። ደረጃ ለሚበዛበት ጉዞም የሕፃን ማቀፊያ ይሻላል፣ እኛ ሁለቱንም ይዘን ነው የምንወጣው። ግን ብዙ ለምትጓዙ፣ የመኪናችሁ ዕቃ መጫኛ ጠባብ ለሆነ፣ ፎቅ ላይ ለምትኖሩ፣ ይህ ጋሪ ሥራውን ይሠራል። ዛሬ እንደገና ብገዛ ራሱን እገዛለሁ።

ልጄ አሁን 11 ኪሎ ሆናለች። ጋሪው እስከ 22 ኪሎ ይችላል ተብሎ ነው የተጻፈበት፣ ጭንቅላቷና ጥላው መሃል ገና አራት ጣት አለ። ትከሻዋ ስላደገ ቀበቶውን ባለፈው ሳምንት ወደ ላይኛው ቀዳዳ አሳለፍነው። የፊት ጎማዎቹን ግን ከሚቀጥለው ጉዟችን በፊት እቀይራቸዋለሁ፣ የግራው በፍጥነት ስሄድ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።