የአያቱን ካባ የደረበ ጠመንጃ፦ ሁለት የአደን ወቅቶች ከዊንቸስተር የመቶኛ ዓመት መታሰቢያ ጋር

ከአንድ ዓመት ከአምስት ወር በፊት፣ በ1966 የተሠራ የዊንቸስተር ሞዴል 94 የመቶኛ ዓመት መታሰቢያ ጠመንጃ በ720 ዶላር ገዛሁ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ ወዲህ 200 የሚሆን ጥይት ተኩሼበታለሁ፤ በቨርጂንያ ምዕራባዊ ተራሮች ሁለት የአደን ወቅት ይዤው ወጥቻለሁ፤ አንድ አጋዘንም ጥዬበታለሁ። የመታሰቢያ ጠመንጃ ያላቸው ሰዎች አብዛኛዎቹ ተኩሰውበት ስለማያውቁ፣ ስለ አያያዙና ስለ አጠቃቀሙ የሚነገረው ነገር በአመዛኙ ከመስታወት በስተጀርባ የታየ ነው። እኔ የምጽፈው ዝናብና ጭቃ ስላየው ስለ አንዱ ነው።

ይህ ጠመንጃ የሚዘክረው የዊንቸስተር ኩባንያን 100ኛ ዓመት ነው። የሸሚዝ ፋብሪካ ባለቤት የነበረው ኦሊቨር ዊንቸስተር በ1866 በስሙ የተጠራውን የመጀመሪያ ጠመንጃ ለገበያ ሲያቀርብ፣ የጠመንጃው መካከለኛ አካል ከነሐስ ቅይጥ የተሠራ ቢጫ ስለነበር ሰዎች «ቢጫው ልጅ» ብለው ጠሩት። በ1966 ፋብሪካው ያንን ቢጫ መልክ መመለስ ሲፈልግ የጥንቱን ጠመንጃ እንደገና አልሠራውም፤ ጆን ብራውኒንግ የነደፈውንና ከ1894 ጀምሮ ሲመረት የኖረውን ሞዴል 94 ወስዶ አካሉን በወርቅ ቀባው፣ ስምንት ማዕዘን ያለው አፈሙዝ ገጠመለት፣ በሰደፉ ጫፍ ላይም የነሐስ ሳህን አደረገበት። ስለዚህ በእጄ ያለው ጠመንጃ በውስጡ የ1894 ጠመንጃ ነው፤ የአያቱን ካባ የደረበ የልጅ ልጅ ብለው ማጋነን አይሆንብኝም። ለአዳኝ ይህ መልካም ዜና ነው። ካባው ጌጥ ነው፣ ሰውነቱ ግን ብዙ ሚሊዮን ጊዜ የተመረተና ያደነ መሣሪያ ነው።

«መታሰቢያ» የሚለው ቃል ብዙ ገዢ ያሳስታል። ሰው ቃሉን ሲሰማ በጣት የሚቆጠር ዕቃ ይመስለዋል። በ1964 ለዋዮሚንግ ግዛት 75ኛ ዓመት የወጣው ሞዴል 94 በእርግጥ 1,500 ብቻ ነበር። የኔው የ1966ቱ ግን ከ100,000 በላይ ተመርቷል፤ በቀጣዩ ዓመት የካናዳን መቶኛ ዓመት የሚዘክረው 90,000 ያህል፣ በ1968 ቡፋሎ ቢል የተባለው ዝነኛ አሜሪካዊ አዳኝ መታሰቢያ ደግሞ ከ110,000 በላይ። ይህ ሁሉ ጠመንጃ የተገዛው በአብዛኛው ለልጅ ልጅ ይቀመጣል ተብሎ ስለሆነ ተቀምጦ ኖረ፤ የልጅ ልጆቹ ሲሸጡት ታዲያ ገበያው ሳጥኑን እንኳ ያልከፈቱ ጠመንጃዎች ሞሉበት። የመሣሪያ ሰብሳቢ ሙሉ ዋጋ የሚከፍለው ጥይት ላልቀመሰ፣ ሳጥኑና ወረቀቱ ለተሟላ ብቻ ነው። ከዚያም አልፎ ከምላጩ በታች ያለውን፣ ሌቨር የሚባለውን እጀታ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ታች ስቦ የመለሰው ሰው፣ ብረት ከብረት የሚተሻሽበት ቦታ ላይ ቀጭን ጭረት ይተዋል፤ የሚያውቅ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። የኔው ሳጥን የለውም፣ ጭረቱም አለበት። ርካሽ ሆኖ ያገኘሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሊያድንበት የሚፈልግ ሰውም መግዛት ያለበት እንዲህ ያለውን ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሌላው ሰው ክብሩን አስቀድሞ ስለወሰደለት፣ ሁለተኛው ባለቤት ያለ ጸጸት ይተኩስበታል።

ግዢው ያለ እንከን አላለፈም። ጠመንጃው የነበረው በሌላ ግዛት ስለሆነ፣ ሻጩ በቀጥታ ወደ ቤቴ ሊልከው አይችልም፤ ሕጉ ፈቃድ ላለው የአካባቢዬ ነጋዴ እንዲልክ ያስገድዳል። ነጋዴው ዘንድ ሄጄ የፌዴራሉን ቅጽ 4473 ሞላሁ፣ የወንጀል ማጣሪያው ተደረገ፣ የማስተላለፊያ ክፍያ ከፈልኩ፣ ተረከብኩ። ቤት ገብቼ በመብራት ስመረምረው ግን ሻጩ በአሥራ ሁለት ፎቶግራፎች ያሳየኝ የቀኝ ጎኑን ብቻ እንደነበር ገባኝ። በግራ ጎኑ፣ በኮርቻ ላይ ማሰሪያ ተብሎ የተሠራው ቀለበት እየተወዛወዘ ወርቁን ፍቆ፣ የአዲስ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ግራጫ ጭረት አውጥቶበታል። የሰደፉን ሳህን ስፈታው ደግሞ ከሥሩ እንጨቱ ጠቁሯል፣ ብሎኖቹም ዝገዋል። ዕቃው ለዓመታት እርጥብ ምድር ቤት ውስጥ በሰደፉ ቆሞ መኖሩን ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም። ለሻጩ ጻፍኩለት፤ አልመለሰም። የአፈሙዙ ውስጥ ንጹሕ ስለነበር ነገሩን ተውኩት እንጂ፣ ዛሬ ብገዛ የሁለቱንም ጎን፣ የሰደፉን ሥርና የብሎኖቹን ጭንቅላት ፎቶ ሳላይ አንድ ዶላር አልከፍልም። የብሎን ጭንቅላት የጠመንጃ ታሪክ ነው፤ ጥርሱ የተበላሸ ከሆነ፣ የማይመጥን ጠመዝማዣ የያዘ ሰው ውስጡን ጎርጉሮታል ማለት ነው።

ወደ አጠቃቀሙ ስመጣ፣ መጀመሪያ የሚሰማው ክብደቱ ነው። የስምንት ማዕዘኑ አፈሙዝ ከክቡ ስለሚከብድ ጠመንጃው ከ3 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ክብደቱም ወደ ፊት ያደላል። ቆሞ ለሚያነጣጥር ሰው ይህ ጥቅም ነው፣ አፈሙዙ አይቅበዘበዝም። የነሐሱ ሳህን ግን የተሠራው ለመልክ ነው። በስስ ሸሚዝ ሆኜ 20 ጥይት ከተኮስኩ ትከሻዬ ቀይ ይሆናል፤ በኅዳር ብርድ ደግሞ ጉንጬን ወደ ሰደፉ ሳስጠጋ ነሐሱ በልብስ ውስጥ አልፎ ይቀዘቅዛል። ማንገቻ ማሰሪያ የለውም። ተራራ ሲወጡ በእጅ መያዝ የግድ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ጠመንጃ በአንድ እጅ ሲያዝ ሚዛኑን የሚጠብቀው ደግሞ ልክ ወርቅ በተቀባው አካሉ ላይ ነው። ነዳፊው ይህን አላሰበም ማለት አልችልም፤ እንደሚታደንበት ግን አላሰበም።

አነጣጥሮ የሚተኮሰው በራሱ የብረት ማነጣጠሪያ ነው። ቀለሁ የሚወጣው በላይ በኩል ስለሆነ የማነጣጠሪያ መነጽር መሐሉ ላይ መግጠም አይመችም፤ ባዶው ቀለህ አንዳንዴ ተነስቶ ባርኔጣዬ ላይ ያርፋል። እኔ በ50 ሜትር ላይ ሦስት ጥይት በቡና ሲኒ ማስቀመጫ ስፋት ውስጥ አስገባለሁ፤ በ100 ሜትር ላይ ክቡ እንደ ሳህን ይሰፋል፣ ከዚያ በላይ አልሞክርም። የሚተኩሰው .30-30 የተባለውን፣ በ1895 የወጣ ጥይት ነው። ካዝናው በአፈሙዙ ሥር ያለ ቱቦ ነው፤ የአንዱ ጥይት ጫፍ የፊተኛውን ቀለህ መቀመጫ ተደግፎ ስለሚቀመጥ፣ ጠንካራ ሹል ጫፍ ያለው ጥይት መጉረስ አደገኛ ነው፣ በግፊቱ የፊተኛው ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ጫፋቸው ጠፍጣፋ የሆኑትን ወይም ለዚህ ተብለው ለስላሳ ጫፍ የተደረገላቸውን ብቻ እገዛለሁ። ሌላው ጥንቃቄ የሚፈልገው ጥይቱን መትቶ የሚያስተኩሰው መዶሻው ነው። የዚያ ዘመን ሞዴል 94 ለብቻው የሚዘጋ የጥበቃ ቁልፍ የለውም፤ መዶሻውን በአውራ ጣት ይዞ፣ ምላጩን ስቦ፣ ቀስ ብሎ ወደ ግማሽ ማረፊያው ማውረድ ያስፈልጋል። ጣት በብርድ ሲደነዝዝ ይህ ሥራ ቀላል አይደለም። እኔ አፈሙዙን ወደ መሬት ሳላዞር፣ ጓንቴንም ሳላወልቅ መዶሻውን አውርጄ አላውቅም።

የአደን ጓደኛዬ የሆኑት፣ ጋሼ የምላቸው ሰው፣ በልጅነታቸው ባሌ ውስጥ በአባታቸው ምንሽር ድኩላ ያደኑ ናቸው። ጠመንጃውን መጀመሪያ ሲያዩት ተቀብለው አገላበጡት፣ ቀለበቱን በጣታቸው አንቃጨሉት፣ ከዚያም «አንተ ልጅ፣ ይህን ለሠርግ ነው ወይስ ለአደን ያመጣኸው?» አሉኝ። ቀለበቱን በተመለከተ ልክ ነበሩ፤ እንደ በቅሎ ልጓም ይንቃጨላል። የዚያኑ ዕለት በጫማ ማሰሪያ አሰርኩት። ስለ ወርቁ ያሉኝ ደግሞ ፀሐይ ሲመታው አጋዘኑ ያየዋል የሚል ነበር። አጋዘን ቀይና ብርቱካንማ ቀለም በደንብ አይለይም፣ በሕግ የምንለብሰው ብርቱካንማ ሰደርያም ለሰው እንጂ ለእሱ አይጮህም፤ የሚንቀሳቀስ ብልጭታ ግን ሌላ ነገር ነው። እሳቸውን ሰምቼ ቡናማ የቆዳ ሽፋን አሠራሁለትና ወርቁን ሸፈንኩት። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሠራሁት ትልቁ ስህተት ይህ ነበር። ቆዳው ዝናቡን ጠጥቶ ይዞት ኖሮ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስፈታው ወርቁ ካለቀበት የጨረቃ ጭረት ዙሪያ እንደ ሰሊጥ ፍሬ የቀሉ የዝገት ነጥቦች ተነስተዋል። በዘይት በራሰ ለስላሳ ጨርቅ አወጣኋቸው፤ ጠባሳቸው ግን ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ሽፋኑን የማደርገው ጠዋት ስወጣ ነው፣ ማታ ሳልፈታው አልተኛም።

አጋዘኑን የጣልኩት በሁለተኛው ወቅት ነው። በቨርጂንያ የጠመንጃ አደን የሚከፈተው በኖቬምበር አጋማሽ ስለሆነ፣ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ቀን ከመግባቱ በፊት ለእኛ የሚተርፈን አንድ ሳምንት ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተገኘ ሥጋ እስከ ገና ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል። በጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ውስጥ፣ ከወንዝ በላይ ባለ የዋርካ ያህል በሰፋ የኦክ ዛፍ ሥር ከንጋቱ በፊት ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ገደማ ላይ አንድ ወንድ አጋዘን ከቁጥቋጦው ወጥቶ 60 ሜትር ያህል ላይ በጎኑ ቆመ። መዶሻውን ሳነሳው የሚያሰማው ድምፅ በዚያ ጸጥታ እንደ ቀጭን እንጨት ስብራት ተሰማኝ፤ አጋዘኑም ጆሮውን ወደ እኔ አዞረ፣ አልሮጠም። ተኮስኩ። ሌቨሩን ሳላስብ ስቤ መልሼው ነበር፤ ሁለተኛው ጥይት ገብቶ ዝግጁ ሆኖ ሳለ አጋዘኑ አሥር እርምጃ ሄዶ ወደቀ። ጠመንጃው የተሠራው ለዚህ ፍጥነት ነው፤ ዓይን ከማነጣጠሪያው፣ ሰደፍም ከትከሻ ሳይለይ እጅ ብቻ ሥራውን ይሠራል። ጋሼ ሲደርሱ አጋዘኑን አይተው፣ ጠመንጃውንም አይተው፣ «እንግዲህ ሠርጉ ተፈጸመ» አሉ። ጥብሱን የበላነው ጾሙ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

ስለ እንክብካቤው ብዙ ማለት አያስፈልግም። የወርቁ ቅብ እጅግ ስስ ነው፤ ብሩሽ፣ ማንጪያ ቅባትና አሞኒያ ያለበት የአፈሙዝ ማጽጃ ሊነካው አይገባም። የእጅ ላብ ጨው ስላለው፣ ከያዝኩት በኋላ ዘይት በነካ የጥጥ ጨርቅ አብሰዋለሁ። የነሐሱ ሳህን እንደ ቤተ ክርስቲያን ጽና እየጠቆረ ይሄዳል፤ እሱን አልወለውለውም፣ ጥቁረቱ ያምርበታል። በፎም በተሞላ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ እርጥበት ያቁራል፤ የኔው በተቆለፈ የብረት ካዝና ውስጥ፣ ልጆች በማይደርሱበት፣ አየር እያገኘ ቆሞ ይኖራል። ከ1964 በኋላ የተሠሩት የሞዴል 94 አካላት ብረታቸው ተራውን ጥቁር ቅብ በደንብ ስለማይቀበል፣ «ወርቁን አስነስቼ አጠቁረዋለሁ» የሚል ሰው ከመጀመሩ በፊት ደጋግሞ ቢያስብ ይሻለዋል።

ሌላ የመታሰቢያ ሞዴል ለሚፈልግ ሰው ደግሞ የምለው አንድ ነገር አለኝ፤ ከጌጡ በፊት በአፈሙዙ ላይ የተጻፈውን የጥይት ዓይነት ያንብብ። በ1981 የወጣውና 50,000 የተመረተለት የፊልም ተዋናዩ የጆን ዌይን መታሰቢያ የሚተኩሰው .32-40 የተባለውን አሮጌ ጥይት ነው፤ ይህን ጥይት በየሱቁ መደርደሪያ ላይ አገኛለሁ ብሎ መተማመን አይቻልም። .30-30 ግን በአደን ወቅት በየትንሹ ከተማ ይሸጣል፤ የመጨረሻውን 20 ጥይት የገዛሁትም ከነዳጅ ማደያ ጋር ከተያያዘ የገጠር ሱቅ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ነጋዴ 650 ዶላር ሊሰጠኝ ጠየቀኝ፤ ጠባሳውን በጥፍሩ እየዳሰሰ «ባትነካው ኖሮ» አለ። ቀኝ መዳፌ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ወርቁ መሳሳት ጀምሯል፣ በብርሃን ሲያዘነብሉት ግራጫው ብረት በሥሩ ይታያል። አልሸጥኩለትም። የጫማ ማሰሪያው ተበጥሶ ስለነበር፣ ወደ ቤት ስመለስ ቀለበቱን በአዲስ ክር አሰርኩት።